አራት ከረጢት ፕሌትሌት ሰጥታችሁ ቁጥሩ ካልጨመረ

እህቴ፣ «በሽተኛዬ አራት ከረጢት ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) ተሰጥቶት በማግስቱ ቁጥሩ በማይክሮሊትር ከ8,000 ወደ 12,000 ብቻ ከፍ አለ፤ ነስሩም አልቆመም፤ ደሙ ባከነ ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። በማግስቱ ቁጥር ብቻ ይህን መመለስ አይቻልም። የጎደለሽ የአንድ ሰዓቱ ናሙና ነው።

ከረጢቱ ካለቀ በኋላ ከ10 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ደም ቅጂ፤ በ24 ሰዓቱም ድገሚ። በአንድ ሰዓቱ ጥሩ ጨምሮ በማግስቱ ከወረደ፣ ፕሌትሌቱ ገብቷል፤ ነገር ግን ትኩሳት፣ ኢንፌክሽን ወይም ራሱ መድማቱ እየጨረሰው ነው። በአንድ ሰዓቱም ካልጨመረ፣ ወይ የበሽተኛው ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) እያጠፋው ነው (ብዙ ጊዜ በወለዱ ሴቶችና ደም በተደጋጋሚ በወሰዱ ሰዎች ላይ ይታያል)፣ ወይ ደግሞ ጣፊያው ይዞታል።

እኛ ጎንደር ያለን ሰዎች ጣፊያን መርሳት አንችልም። ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ የመጣ፣ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ) የያዘውና ጣፊያው ከእምብርቱ ያለፈ ወጣት አስታምሜያለሁ። ጤነኛ ጣፊያ ከፕሌትሌታችን አንድ ሦስተኛ ያህሉን ይይዛል፤ ያበጠ ጣፊያ ግን እስከ 90 በመቶ ሊወስድ ይችላል። ሁለት ቀን ሰጠነው፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከፍ ያለው የካላዛር መድኃኒቱ ጣፊያውን ማሟሸሽ ሲጀምር ነው። ያኔ የአንድ ሰዓቱን ናሙና ብንወስድ ኖሮ ሁለተኛውን ቀን ከመስጠታችን በፊት እናስብ ነበር። ያ ዛሬም ይቆጨኛል።

ጭማሪው በቂ መሆኑን የሚያሳየው ስሌት ቀላል ነው፤ የጨመረውን ቁጥር በሰውነቱ ቆዳ ስፋት አባዢ፣ በተሰጠው መጠን አካፍዪ። ከሙሉ ደም የተለየ አንድ ከረጢት ቢያንስ 55 ቢሊዮን ያህል ፕሌትሌት እንዲይዝ ይጠበቃል፤ በዚህ ብናሰላ አራቱ 220 ቢሊዮን፣ በመቶ ቢሊዮን ሲቆጠር 2.2 ይሆናል። የቆዳው ስፋት 1.6 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ የአንቺ በሽተኛ ጭማሪ 4,000 በ1.6 ተባዝቶ ለ2.2 ሲካፈል 2,900 ገደማ ይመጣል፤ ይህ ግን የማግስቱ ነው። በአንድ ሰዓቱ ናሙና ላይ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከ5,000 በታች ከመጣ፣ ያንኑ ከረጢት ደጋግሞ መስጠት ትርፍ የለውም፤ ሐኪሙ ምክንያቱን ይፈልግ።

ቁጥሩ ግን መድማቱን አይተካም። በ2010 የታተመ፣ 1,272 ሕመምተኞች ፕሌትሌት የወሰዱበት ጥናት ለመከላከል የሚሰጠውን መጠን በሦስት ደረጃ አነጻጽሮ ነበር፤ መጠኑ ቢለያይም፣ በሦስቱም ቡድኖች በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ደረጃ 2 ወይም ከዚያ በላይ መድማት የታየባቸው 70 በመቶ ገደማ ነበሩ። ስለዚህ መድማቱንም በዚሁ መለኪያ ከ0 (መድማት የለም) እስከ 4 (ለሕይወት የሚያሰጋ) መዝግቢ። እኔ የበለዘውን ቆዳ ዳር በእስክሪብቶ አከብበውና ሰዓቱን እጽፍበታለሁ፤ ለነስሩ የቀየርኩትን ፋሻም እቆጥራለሁ። ከመስጠቱ በፊት በስድስት ሰዓት ውስጥ አምስት ፋሻ፣ ከሰጠን በኋላ በዚያው ያህል ጊዜ ሁለት ከሆነ፣ ቁጥሩ 12,000 ቢሆንም በሽተኛው ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል።

የሚቀጥለው ከረጢት ሲመጣ ናሙናውን የሚወስደው ማን እንደሆነ ከመስቀላችሁ በፊት ተነጋገሩ። እኔ በሠራሁበት አንድ ክፍል ሁልጊዜ የሚዘለለው ተረኛ ሲቀያየር ነበር። የጣፊያውንም መጠን ዳብሰሽ በካርዱ ላይ ጻፊው።