«ልተወው ወይስ ልማረው?» ላልሽው፦ ከሥዕል ጠረጴዛዬ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የልጆች መጽሐፍ መሣል ከጀመርሽ አራት ዓመትሽ ነው፤ ዘንድሮ ሁለት ደንበኞችሽ «በኤአይ (ሥዕል በሚሠራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሠርተነዋል» ብለው ቀሩብሽ፤ ሙያውን ልተወው ወይስ ኤአዩን ልማረው ነው ያልሽው። እኔ የመጽሐፍ ሽፋንና የውስጥ ሥዕል ስሠራ 14 ዓመቴ ነው። አትተዪው። ኤአዩንም ተማሪው፣ ግን እርሳስሽን ሳታስቀምጪ። ለምን እንደምልሽ ከደረሰብኝ ልነሣ።

በ2016 አንድ አሳታሚ ጠራኝና በኤአይ ያሠራውን ሽፋን አሳይቶ «ትንሽ ነገር ብቻ አስተካክልልን» አለኝ። ክፍያው የለመድኩትን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ሥራ ቀዝቅዞ ስለነበር እሺ አልኩ። ሥዕሉ ቡና የምታፈላ አያት ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ጀበናው አንገት የሌለው የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። ሲኒዎቹ ጆሮ አላቸው። የነጠላዋ ጥለት ትከሻዋ ላይ ይደርስና ፀጉሯ ውስጥ ይጠፋል። አንዱን ሳቃና ሌላው እየተበላሸ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ከባዶ ብነሣ በሁለት ቀን እጨርሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ በኤአይ የተሠራ ሥዕል ለማስተካከል ከአዲስ ሥራ ያነሰ ዋጋ አልቀበልም። ዋጋውን ሲሰሙ «እንግዲያው አንተው ሣለው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው።

አሁን ኤአይን የምጠቀምበት ቦታ ጠባብ ነው። መጀመሪያ ታሪኩን አንብቤ ክብሪት ሳጥን የሚያህሉ አሥር ንድፎች በእርሳስ እሞክራለሁ። ይህን ሳላደርግ ኮምፒውተሩን አልከፍትም፤ ምክንያቱም ኤአዩ የሚሰጥሽ የመጀመሪያው ምስል ዓይንሽን ይይዘዋል። አንዴ ካየሽው በኋላ ራስሽ ልታስቢው የነበረውን መልሰሽ አታገኚውም። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ከኤአዩ ምስል እየተነሣሁ ስሠራ ቆይቼ ሽፋኖቼን ጎን ለጎን ብደረድራቸው ሁሉም ፊት ለፊት የቆመ ሰው፣ ከጀርባው የምትጠልቅ ፀሐይ ሆነው አገኘኋቸው። በጣም ነው ያዘንኩት። አሁን ከአሥሩ ንድፍ አንዱን መርጬ ፎቶ አንስቼ አስገባዋለሁ፤ ብርሃኑ ከግራ ቢመጣስ፣ ማታ ቢሆንስ፣ ቀለሙ ቢደበዝዝስ እያልኩ እሞክረዋለሁ። በዘይት ወይም በአክሪሊክ ቀለም ብሞክረው ግማሽ ቀን የሚወስድብኝ በሃያ ደቂቃ ይታየኛል። ከዚያ ዘግቼው የመጨረሻውን ሥዕል በእጄ እሠራለሁ።

ደንበኛ የሚከፍልሽ ኤአዩ ለማያውቀው ነገር ነው። አምና የቅዱስ ጊዮርጊስን ታሪክ ለልጆች እንድሥል ተጠየቅኩ። ለሙከራ ኤአዩን ባዝዘው ከላይ እስከ ታች የብረት ልብስ የለበሰ የአውሮፓ ባላባት አመጣልኝ። በእኛ አሣሣል ጊዮርጊስ ብዙ ጊዜ በባዶ እግሩ ነው፤ አውራ ጣቱን በእርካቡ ቀለበት አስገብቶ ይጋልባል፤ የሀገራችን ፈረሰኛም ድሮ የሚጋልበው እንዲሁ ነበር። ደግሞ በጥንቱ ሥርዓት ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ያደገ ልጅ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ያቺን አውራ ጣት ለደንበኛው በጣቴ ሳሳየው ዋጋ መከራከሩን አቆመ። አንቺም ለደንበኛሽ የተጠናቀቀውን ሥዕል ብቻ አትላኪለት፤ ንድፎችሽን፣ ሄደሽ ያየሽውን፣ ለምን እንዲህ እንደሣልሽው ጨምረሽ አሳዪው።

ስለ መብቱም ሳልነካው አላልፍም። የእኛ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ 410/1996 የሥራ አመንጪ የሚለው በአእምሮው ፈጥሮ የሠራውን ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ሚድጆርኒ በሚባል ሥዕል ሠሪ ኤአይ ምስሎች የተሠራ አንድ የኮሚክ መጽሐፍ የቅጂ መብት ቢሮው ዘንድ ቀርቦ ጽሑፉና የገጹ አደራደር ጥበቃ ሲያገኙ ምስሎቹ ግን አላገኙም። ስለዚህ በኤአይ ያሠራውን ሽፋን ሌላ ቢወስድበት ምን ይዞ እንደሚከራከር ደንበኛሽን ጠይቂው። ንድፎችሽን ቀን እየጻፍሽ አስቀምጪ፤ ውል ላይም ኤአይ የት እንደተጠቀምሽ በግልጽ ጻፊ። ሥራሽን ቴሌግራም ላይ ስትለቂ አነስ ባለ መጠን ልቀቂው፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ግሌዝ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ኤአዩ የአሣሣል ስልትሽን እንዳይቀዳ ለማስቸገር ነው። ሙሉ ከለላ አይሆንም፤ እኔ ግን እጠቀምበታለሁ። ያለ ፈቃዳችን ሥራዎቻችን ተለቅመው ለኤአይ ማሠልጠኛ መዋላቸው ዛሬም ያንገበግበኛል። ተጠቀምኩበት ማለት ይህን ተቀበልኩ ማለት አይደለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ወርጄ ሸማኔዎችን እሥላለሁ። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው መወርወሪያዋን ከግራ ወደ ቀኝ ሲልኳት ትከሻቸው እንዴት እንደሚዞር ለመያዝ አራት ቅዳሜ ወስዶብኛል፤ ገና አልያዝኩትም። አዲስ አበባ ካለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ወፍራም ወረቀትና 4ቢ እርሳስ ይዘሽ ነይ፤ የሚፈቅዱልንን ሸማኔዎች አስተዋውቅሻለሁ።