የገጠር ሰርግ ፎቶ፦ ሙሽሮቹን ከደጃቸው አታርቂያቸው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምሠራው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ጉርድ ፎቶና የምረቃ ፎቶ አነሳለሁ፤ አልፎ አልፎ ልደትም እሠራለሁ። ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነው። ድግሱ አዳራሽ ሳይሆን ከይርጋዓለም አለፍ ብሎ ባለው የአያቶቻችን ግቢ ነው። ፎቶውን እኔ እንዳነሳ ቤተሰቡ አደራ ብሎኛል። ያለኝ አንድ ካሜራ፣ አብሮት የመጣው 18-55 ሌንስ፣ አንድ 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ሌንስና አንድ ፍላሽ ነው። የአያቴ ጎጆ ውስጡ ጨለማ ነው፤ መብራት አልገባም። ዳሱ በሰማያዊ ሸራ ሊጣል ነው። ሚዜዎቹ ደግሞ «ፎቶ ፕሮግራሙ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ይሁን» ብለው ድርቅ ብለዋል። ምን ይመክሩኛል?
የዘወትር አንባቢዎ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። እሱ ከተበላሸ ሌንሱም ፍላሹም አያድንሽም። ሐይቅ ዳር አትሂዱ።

እስቲ አስቢው። ከግቢው ተነስቶ ሐዋሳ ደርሶ መመለስ፣ አጀቡን መሰብሰብ፣ ሙሽሪትን ከነቀሚሷ መኪና ማስገባትና ማውረድ ሲደመር ግማሽ ቀን ይበላል። ያን ሁሉ ሰዓት አያቶችና ከሩቅ የመጡ ዘመዶች ዳስ ውስጥ ተቀምጠው በር በሩን ያያሉ። ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ደግሞ በሰርግ ወራት ሌሎች ሙሽሮችም አይጠፉም፤ ተራ ትጠብቃላችሁ። እኔ ሐይቁን እወደዋለሁ። ማለዳ አሞራ ገደል ሄዶ አሳ አስጋሪዎቹን ማንሳትን የሚያህል ደስታ የለኝም። የዚህ ሰርግ ወጉ ግን ግቢው ውስጥ ነው። እንሰቱ፣ የቡናው ተክል፣ የቀርከሃው አጥር፣ አያትሽ ዘወትር የሚቀመጡበት ደጃፍ ሌላ ሙሽራ የሌለው የእነሱ ብቻ ቦታ ነው። ለሚዜዎቹ እንዲህ በያቸው፦ «ከመልሱ በኋላ አንድ ማለዳ ሐይቅ ዳር አወጣቸዋለሁ።» ያኔ ብርሃኑም ለስላሳ ነው፣ ሰውም አይበዛም፣ ሙሽሮቹም እንቅልፍ ጠግበዋል።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ሐዋሳና ይርጋዓለም አካባቢ መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ፀሐይ ቀትር ላይ ከአናታችን ትክክል በላይ ትሆናለች። ሚያዝያ መጨረሻም ቢሆን ብዙ አትርቅም። ከረፋዱ 5፡00 እስከ 9፡00 ሰዓት ሜዳ ላይ ያቆምሻት ሙሽራ ዓይኗ ሥር ጥቁር ጥላ ይወድቃል፤ ቀሚሷ ደግሞ ነጥቶ ጥልፉ ይጠፋል። በነዚህ ሰዓታት ጥላ ፈልጊ። ትልቅ ዛፍ ካለ ከመካከሉ ሳይሆን ከጥላው ጠርዝ ገባ አድርገሽ አቁሚያቸው፤ ፊታቸው ወደ ክፍቱ ሜዳ ይዙር። በቅጠል መሃል ሾልኮ ፊት ላይ ነጠብጣብ የሚጥለውን ብርሃን ተጠንቀቂው፤ እሱን ኮምፒውተር ላይ ማስተካከል ፈተና ነው። የሙሽሮቹን ዋና ፎቶ ለ11፡00 ሰዓት አስቀምጪው። ፀሐይ የምትጠልቀው 12፡30 ገደማ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ይጨልማል። «ትንሽ ቆይተን» የሚባል ነገር አትቀበይ። ወሩ የበልግ ዝናብ ያለበት ስለሆነ ለካሜራው የሚሆን ላስቲክ ከቦርሳሽ አይጥፋ።

ጎጆው እንዳያስፈራሽ። እንዲያውም የቀኑን ምርጥ ፎቶ የማገኘው እዚያ ነው ብዬ ነበር የምሄደው። ፍላሹን ግን አጥፊው። አዳራሽ ውስጥ ፍላሹን ወደ ነጩ ኮርኒስ አዙረሽ ትተኩሻለሽ፤ ብርሃኑ ተመልሶ ፊት ላይ ይበተናል። ጎጆ ውስጥ ኮርኒስ የለም። ጣሪያው በጭስ ጠቁሯል፤ ብርሃኑን ይውጠዋል። ፊት ለፊት ከተኮስሽው ደግሞ ፊት ያብለጨልጫል። መብራትሽ በሩ ነው። ሙሽሪትን ከደፉ አንድ እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ አስገብተሽ ፊቷን ወደ በሩ አዙሪያት። አንቺ መቃኑን ተጠግተሽ ቁሚ፤ መሃል ከቆምሽ ብርሃኗን ትከለክያለሽ። በር ላይ የሚጋፋ ልጅ ካለ ዞር አስደርጊ። ደጅ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት መሬት ላይ ነጭ አንሶላ አስነጥፊ፤ ብርሃኑ ከታች ተመልሶ አገጯና ዓይኗ ላይ ያርፋል። ከኋላዋ ያለው የጠቆረ ግድግዳ በራሱ ይጠፋልሻል። በ50ው፣ ቀዳዳውን 2 ላይ፣ ፍጥነቱን 1/125 ላይ አድርገሽ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 1600 ወይም 3200 ብታደርሺው አትፍሪ። ትንሽ አሸዋ አሸዋ የሚል ፎቶ ከተንቀጠቀጠ ፎቶ ይሻላል። ሴቶቹ ከበው ሲያለብሷት ግን 50ው ይጠብብሻል፤ ያኔ ሌላውን ሌንስ 18 ላይ ተጠቀሚ።

ስለ ሸራው ዛሬውኑ ደውዪ። ፀሐይ በሰማያዊ ሸራ አልፋ ስትገባ ፊቱም እንጀራውም ነጠላውም ሰማያዊ ይሆናል። «በኋላ ቀለሙን አስተካክላለሁ» እንዳትዪ። ከጎን በኩል ንጹሕ የቀን ብርሃን ስለሚገባ አንዱን ፊት ስታስተካክዪ ሌላው ብርቱካን ይሆናል። ነጭ ሸራ ይከራዩ። ካልተገኘ ሙሽሮቹ የሚቀመጡበት ከዳሱ ጠርዝ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል ይሁን። የቤተሰብ ፎቶ ግን በፍጹም ዳስ ውስጥ አይነሳም። ለእሱ ዘመዱን ሁሉ በስም የምታውቅ አንዲት አክስት ያዢ። አንቺ ካሜራው ላይ ሁኚ፤ «የአባት ወገን ኑ!» የምትለው እሷ ትሁን።

ከሁሉም በላይ የምለምንሽ የጉልበት መሳሙን ነገር ነው። ወላጆችና አያቶች የት እንደሚቀመጡ ቀድመሽ ጠይቂ። ቪዲዮ አንሺ ካለ በየት በኩል እንደሚቆም ጠዋት ተስማሙ፤ ካልሆነ በዚያች ደቂቃ ጀርባው ፎቶሽ ውስጥ ይገባል። አንቺ በጎን በኩል በርከክ በይ። ሙሽሪት ጎንበስ ስትል ፊቷ አይታይም። ያኔ የአባትየውን እጅ አንሺ፤ ትከሻዋን ሲይዝ፣ ከንፈሩ ለምርቃት ሲንቀሳቀስ። ከዚያ ጣትሽን መጫኛው ላይ እንዳደረግሽ ጠብቂ። ቀና የምትልባት ቅጽበት አለች፤ እንባዋ ገና አልተጠረገም። ብታመልጥሽ እንኳ «አንዴ ድገሙልኝ» አትበይ። ምርቃት ለካሜራ አይደገምም። ሽማግሌዎችን ለብቻቸው ስታነሺ ደግሞ አስፈቅጂ፤ እምቢ ያሉ ካሉ እምቢታቸውን አክብሪ።

ማታ ጀነሬተር ይበራ ይሆናል። አምፖሉ ለዓይን ባይታወቅም ይርገበገባል፤ በ1/500 ስታነሺ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይጋደማል። 1/100 ላይ ሁኚ። ጭፈራው ሲሟሟቅ እንቅስቃሴውን የሚያቆምልሽ ፍላሹ ነው፤ አሁን ጊዜው ደረሰ። አቧራ ስለሚነሳ ሌንስ የምትቀይሪው መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ይሁን። ባትሪዎችሽን ከሐዋሳ ሞልተሽ ውጪ።

በሮው (RAW)፣ ማለትም ካሜራው ሳይነካካ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል አንሺ። ነጭ ቀሚስና ጥቁር ሱፍ አንድ ላይ ሲቆሙ ቀሚሱ እንዳይቃጠል፣ ማለትም ነጥቶ ጥልፉ እንዳይጠፋ አድርገሽ አንሺውና የፊቱን ብርሃን በኋላ ከፍ አድርጊው። የጠቆረ ይመለሳል፤ የተቃጠለ ነጭ አይመለስም። ከፍ አድርጊው ስል ግን አንጪው ማለቴ አይደለም። በየፎቶ ቤቱ የጠይም ልጅ ፊት እንደ ዱቄት ሲነጣ ማየት ያመኛል። ያቺ ልጅ መልኳ ጠይም ነው፣ ያምራል፣ ባሏም የወደደው እሱን ነው። ፊቷን እንዳለ ተይው።

ድሮን ይዞ የሚመጣ ጓደኛ ካለ ፈቃድ እንዳለው ጠይቂ፤ ከሌለው ቤቱ ያስቀምጠው። ክፍያው የዘመድ ነገር ስለሆነ በእናንተ መካከል ነው። የትራንስፖርቱንና የኅትመቱን ወጪ ግን ቀድመሽ ንገሪያቸው። እንደተመለስሽ ያንኑ ሌሊት ፎቶዎቹን ኮምፒውተርና ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ካርዱን ሙሽሮቹ ፎቶአቸውን በእጃቸው እስኪይዙ ድረስ ፎርማት እንዳታደርጊ፤ ለሚቀጥለው ሥራ ሌላ ካርድ ግዢ።