ካሜራው የሚያነበው ታርጋ ነው

ከደብረ ሲና አንድ ወጣት ጽፎልኛል። ታላቅ እህቱ ለንደን ናት። አረጋውያንን ትንከባከባለች፤ የምትሠራው ሌሊት ነው። የምትነዳው በፈረንጆቹ 2003 የተመዘገበ ትንሽ የቤንዚን ቶዮታ ነው። ለንደን ውስጥ ዩሌዝ የሚባል፣ የሚያወጡት ጋዝ ደረጃውን የማያሟላ መኪኖች የሚከፍሉበት ክልል አለ፤ በዚህ የተነሳ መኪናዋን ባንቀሳቀሰች ቀን ሁሉ 12.50 ፓውንድ ትከፍላለች። አንድ መካኒክ «ካታሊስት (ጭስ ማውጫው ላይ ተገጥሞ ጋዙን የሚያጣራውን ዕቃ) ቀይሪ፣ ያልፋል» አላት። ሌላው «ሽጪው» አላት። ወንድሟ ደግሞ «ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ ጋራዥ ስለሠሩ እውነቱን ይንገሩን። መኪናው አይጨስም። ዓመታዊ ምርመራውንም ሳይወድቅ ያልፋል። ታዲያ ለምን ያስከፍሏታል?» ይለኛል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ካታሊስት እንዳትገዛ ንገራት። ዛሬውኑ ደውልላት። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን።

እኛ ሰሜን ሸዋ መኪና የምንገምተው በጭሱ ነው። የጣርማ በርን አቀበት ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚወጣ አይሱዙ ስናይ «ይሄ ፖምፓው ሄዷል» እንላለን፤ ብዙ ጊዜም አንሳሳትም። የለንደኑ ካሜራ ግን ጭስ አያይም። ታርጋውን ያነብና ከመዝገብ ጋር ያመሳክራል። መዝገቡ «አያሟላም» ካለ፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ሒሳቡ ይመጣል።

ዓመታዊ ምርመራው፣ እነሱ ኤም ኦ ቲ የሚሉት፣ ሌላ ጉዳይ ነው። መኪናው እንደቆመ ሞተሩ ይነሳል። ጭስ ማውጫው ውስጥ ቀጭን ዘንግ ይገባል። በቤንዚን መኪና የሚለካው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ እና የአየርና የነዳጁ ምጣኔ ነው። ናይትሮጂን ኦክሳይድ፣ በአጭሩ ኖክስ የሚሉት ጋዝ፣ አይለካም። ዩሌዝ ከቤንዚን መኪና የሚጠይቀው ደግሞ የዚህኑ ጋዝ ቁጥር ነው። ኖክስ የሚበዛው ሞተሩ ጭነት ይዞ ውስጡ በኃይል ሲግል ነው። ስለዚህ የሚለካው ገና ሞዴሉ ለገበያ ሲፈቀድ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ጎማው ሮለር ላይ እየተሽከረከረ ነው። ያኔ የተጻፈው ቁጥር ዕድሜ ልኩን ከመኪናው ጋር ይኖራል። አዲስ ካታሊስት አያስለውጠውም።

ይሄን የተማርኩት በሰው ኪሳራ ነው። እዚያ ስሠራ አንዲት የአገራችን ልጅ አሮጌ የቤንዚን መኪናዋን ይዛ መጣች። ሌላ ጋራዥ አዲስ ካታሊስት ገጥሞላት ብዙ ገንዘብ አውጥታለች። መለኪያው ላይ ስናደርገው ካርቦን ሞኖክሳይዱ ዜሮ ሊገባ ምንም አልቀረው። ክፍያው ግን አልቆመም። ሊብሬውን ኮፈኑ ላይ ዘርግቼ በጣቴ መስመር በመስመር ወረድኩ። የጣቴ ግራሶ እስካሁን ያለ ይመስለኛል፣ ኖክስ በሚለው መስመር ላይ። መስመሩ ባዶ ነበር። ችግሩ በሙሉ እሱ ነበር። ፋብሪካው ቁጥሩን በደብዳቤ ከላከላት በኋላ መዝገቡ ተስተካከለ። ለካታሊስቱ የወጣው ግን ወጥቶ ቀረ።

አሁን ወደ እህትህ መኪና። ደንቡ ለቤንዚን ዩሮ 4፣ ለናፍታ ዩሮ 6 ይላል፤ ዩሮ የሚሉት የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይጠብቃል። ዩሮ 4 በአዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው ከ2006 መጀመሪያ ነው። ስለዚህ መዝገቡ የ2003 መኪና ሲያይ «አያሟላም» ቢል አይገርምም። ነገር ግን ብዙ ፋብሪካዎች ሕጉን ቀድመው ነበር። ዩሮ 3 ለቤንዚን በኪሎ ሜትር እስከ 0.15 ግራም ኖክስ ይፈቅዳል፤ ዩሮ 4 እስከ 0.08። ወረቀቱ ላይ ዩሮ 3 ተብሎ የተመዘገበ መኪና ትክክለኛ ቁጥሩ 0.04 ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ያሟላል። ማስረጃ አቅርቦ ማስመዝገብ ብቻ ነው የቀረው።

የላክልኝን የሊብሬ ፎቶ አስፍቼ አየሁት። እነሱ ቪ ፋይቭ ሲ ይሉታል። የእንግሊዝኛዋ ቪ፣ ነጥብ፣ 3 የሚለው መስመር ነው የኖክሱ። የእህትህም ባዶ ነው። ቁጥር ቢኖርበትና 0.08 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ኖሮ ሊብሬውን ራሱን ክፍያውን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ ለትራንስፖርት ፎር ለንደን፣ መላክ ይበቃ ነበር። ባዶ ከሆነ መንገዱ በአምራቹ በኩል ነው።

የአምራቹ የእንግሊዝ ቅርንጫፍ ትደውል። ሆሞሎጌሽን የሚባለውን፣ የሞዴሎችን የፈቃድ ወረቀት የሚይዘውን ክፍል ትጠይቅ። እዚህ ላይ አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ። «መኪናዬ ዩሌዝ ያልፋል?» ብላ አትጠይቅ። ስልኩን ያነሳው ሰው ዓመቱን አይቶ «ዩሮ 3 ነው፣ ይቅርታ» ብሎ ይዘጋል። «የዚህ ሻንሲ ቁጥር መኪና ኖክሱ በኪሎ ሜትር ስንት ግራም ነው? በደብዳቤ ስጡኝ» ትበል። ደብዳቤው የድርጅቱ አርማ ያለበት ይሁን። ታርጋው፣ የሻንሲ ቁጥሩና የኖክሱ ቁጥር ይጻፍበት። የስምምነት ሰርተፍኬት የሚሉትም፣ መኪናው በተፈቀደው ሞዴል ልክ መሠራቱን አምራቹ የሚመሰክርበት ወረቀት፣ ያገለግላል። ለዚህ ክፍያ የሚጠይቁ አምራቾች አሉ፤ ከመክፈሏ በፊት ኖክሱ የሚጻፍበት መሆኑን ታረጋግጥ።

የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። ከሊብሬው ገልብጣ ብቻ አትላክ፤ መኪናው ላይ ካለው ጋር ታመሳክር። የሾፌሩን በር ከፍታ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ትይ፤ ወይም ከፊት መስታወቱ ሥር። አንድ ፊደል ከተሳሳተ የሚመጣው የሌላ መኪና ቁጥር ነው። ያው ሞዴል እንኳ በሞተሩ መጠን፣ በማንዋልና በአውቶማቲክ ኖክሱ ይለያያል። የጎረቤት መኪና አለፈ ማለት የእሷም ያልፋል ማለት አይደለም።

ዓመተ ምሕረቱንም ተጠንቀቁ። ደብዳቤህ ላይ አንድ ቦታ «1995 ሞዴል» ብለሃል። በእኛ ልክ ነህ። ለእነሱ ግን እንደዚያ ብትጽፍላቸው መኪናውን ስምንት ዓመት አስረጀኸው ማለት ነው።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ የፈረቃዋ ነገር አሳስቦኛል። ክፍያው የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ማታ ነድታ ሄዳ ጠዋት ነድታ ከተመለሰች ሁለት ቀን ነው፤ 25 ፓውንድ። በሳምንት አራት ሌሊት ተበታትኖ ከሠራች ሰባቱንም ቀን ልትነዳ ትችላለች፤ 87.50 ፓውንድ ይሆናል። አራቱን ሌሊት ካከታተለችው ግን የምትነዳው አምስት ቀን ስለሆነ 62.50 ነው። አለቃዋን ብትለምን ዋጋ አለው። መኪናው ቆሞ ከዋለ አይከፈልም። በዓመት ነፃ የሆነው የእነሱ ገና ቀን ብቻ ነው፤ በእኛ ገና ዘመድ ልትጠይቅ ስትነዳ ይቆጥራል። ሳትከፍል ብታሳልፈው ቅጣቱ 180 ፓውንድ ነው፣ በ14 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 90። እስከዚያው ትክፈል፣ ደረሰኙንም አንድ በአንድ ትያዝ። መኪናው እንደሚያሟላ ከተረጋገጠ በኋላ ተመላሽ ትጠይቅ።

ናፍታ ላላችሁ ሌሎች ጠያቂዎች፦ ከሴፕቴምበር 2015 በፊት የተመዘገበ ናፍታ በዚህ መንገድ የመውጣት ዕድሉ ጠባብ ነው። ለደብዳቤ ብዙ አትልፉ።

ለእህትህም ደብዳቤው ከ0.08 በላይ የሆነ ቁጥር ይዞ ከመጣ ክርክር አያዋጣም። 0.09 ቢሆንም አያልፍም። ያኔ ሽጪው ያላት መካኒክ ልክ ነው። ከ2023 ወዲህ ክልሉ መላውን ለንደን ስለሚሸፍን፣ ለንደን ውጪ ለሚኖር ሰው ትሽጠው። ሞተሩ ደህና ከሆነ እዚያ ዋጋ ያገኛል። ግን ደብዳቤው ሳይመጣ እንዳትሸጥ። የበሩን ምሰሶ ፎቶ አንስታ ትላክልህና ወደኔ አስተላልፈው፤ ከሊብሬው ጋር አመሳክሬ እመልስልሃለሁ።