ቁልፉ ማን ጋ ነው? ስለ ዲጂታል ትምህርት ጠይቃችሁኝ ነበር

በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አይሲቲ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች እነሆ ከነመልሳቸው።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ትምህርት ቤቶቻችን ለዲጂታል ትምህርት ዝግጁ ናቸው?

መልስ፦ የትኞቹ? አዲስ አበባ መሃል ያለውና መብራት ያልገባለት የገጠር ትምህርት ቤት በአንድ ቃል አይመለሱም። እኔ አንድ ግቢ ስገባ «ስንት ኮምፒውተር አላችሁ?» አልልም። ሶኬት ነው የምፈልገው። ብዙ ጊዜ የማገኘው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው፤ እሱም ላይ የሻይ ማፍያ ተሰክቷል።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ኮምፒውተር አለ። ክፍሉ ግን ሁሌ ተቆልፎ ነው የማየው። ለምን?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። አንድ ትምህርት ቤት 20 ኮምፒውተር አይቻለሁ፤ ሁሉም ላስቲክ ለብሰው፣ ላስቲኩ ላይ አቧራ ተኝቶ። መምህራኑ ሰነፎች መስለውኝ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። የሚረከበው መምህር ንብረት ክፍል ሄዶ ሞዴል 22 በሚባለው የዕቃ መረከቢያ ቅጽ ላይ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ማውስ ቢጠፋ፣ ልጅ ኪቦርድ ላይ ውኃ ቢደፋ ተጠያቂው እሱ ነው። በዚህ ደመወዝ ማን አብዶ ይፈርማል? ዕቃው ሳይነካ ቢያረጅ ግን ማንም ምን አይለውም። በኋላ ርዕሰ መምህሯ መላ ዘየዱ። ወላጆችንና መምህራንን ሰብስበው፣ በትምህርት ሰዓት የተበላሸ ዕቃ ከመምህር ኪስ እንዳይከፈል በቃለ ጉባኤ አስያዙ። በሳምንቱ ክፍሉ ተከፈተ።

ጥያቄ፦ ፕላዝማውንም፣ ያንን የቴሌቪዥን ትምህርት፣ አይተነዋል እኮ። ይሄኛውን ዲጂታል ምን ለየው?

መልስ፦ ፕላዝማ የገባው ሁለተኛ ደረጃ ነው፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣ ነበር፣ በእንግሊዝኛ። ልጁ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አያየውም። መብራት ከሄደ ትምህርቱም አብሮ ሄደ። መምህሩ ጥግ ይዞ ቆሞ ቀረ። ለታናናሾቹ ይህን አንድገም። መምህሩ «ቆይ» ብሎ ሊያቆመው የማይችለው ቪዲዮ ክፍል ባይገባ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጆች እኮ ከእኛ ይፈጥናሉ። ታብሌት ብቻ ሰጥቶ መተው አይቻልም?

መልስ፦ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ወንጪ አካባቢ ማንበብ ለማይችሉ ልጆች ታብሌት በታሸገ ካርቶን ሰጠ። መምህር የለም፣ ቻርጁ በፀሐይ። ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው አስነሱት፤ ጭራሽ የተዘጋውን ካሜራም አሠሩት። ስለዚህ በልጆቹ አልሰጋም። የጫኑላቸው ግን እንግሊዝኛ ነበር። የእኛ አንደኛ ክፍል ልጅ የሚማረው በአፍ መፍቻው ነው። በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ፣ በአማርኛ የተሰናዳ ነገር ከሌለ ታብሌቱ መጫወቻ ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ከሌለስ?

መልስ፦ ፍላሽ አለ። ሚኒ ሚዲያ ክበቡ ጠዋት ጠዋት ዘፈን የሚለቀው በምን ሆነና?

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለነው፤ ለተማርንበት ትምህርት ቤት ያገለገሉ ላፕቶፖች ልንልክ ነው። ምን ትመክረናለህ?

መልስ፦ ሳትልኩ አንድ ዘመድ በሥራ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ላኩ። የኮምፒውተር ክፍሉ እንዲከፈትለት ይጠይቅ። ቁልፉ በአምስት ደቂቃ ከመጣ ላኩ። «ቁልፍ ያዡ ወረዳ ስብሰባ ሄዷል» ካሉት፣ መጀመሪያ ስለ ቁልፉ ተነጋገሩ።