ስለ 9.3×62 የጠየቃችሁን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ አሮጌ የአደን ጥይት ናቸው፤ ስለ 9.3×62 ማውዘር። ስለዚህ የዚህን ጊዜ ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለሱ ሰጥተነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ስዊድን፣ ጎተንበርግ ነው። የአደን ፈተናዬን አልፌ የመጀመሪያ ጠብመንጃዬን ልገዛ ነው። አንድ ሽማግሌ አሮጌ ሁስክቫርና (የስዊድን ሥሪት ጠብመንጃ) 9.3×62 በርካሽ ሊሸጡልኝ ፈልገዋል። ጓደኞቼ ደግሞ «የአያት ጥይት ምን ያደርግልሃል፣ .300 ማግነም ግዛ» ይሉኛል፤ ብዙ ባሩድ የሚይዘውንና ፈጣኑን ጥይት ማለታቸው ነው። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሽማግሌውን ይስሙ፤ ግን በርሜሉን ሳያዩ ገንዘብ አይስጡ።

ጥይቱን በ1905 ያወጣው የበርሊኑ ጠብመንጃ ሠሪ ኦቶ ቦክ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያና በካሜሩን የሰፈሩ ጀርመኖች ትልቅ አውሬ የሚጥል መሣሪያ ይፈልጉ ነበር፤ የእንግሊዞቹ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠብመንጃ ግን ዋጋው አይቀመስም። ቦክ በብዛት ይመረት የነበረውን ተራውን ማውዘር 98 ወሰደና፣ ካዝናውም መቀባበያውም ሳይለወጥ ሊገባበት የሚችለውን ትልቁን ጥይት ሠራለት። የቀለሁ ርዝመት 62 ሚሊ ሜትር፣ ጥይቱ ከነአረሩ 83.6 ሚሊ ሜትር፣ የቀለሁ ግርጌ ወደ 12.1 ሚሊ ሜትር ነው። ካዝናው እንደ ወታደሩ ጠብመንጃ አምስት ይይዛል። የተሳካለትም በዚሁ ርካሽነቱ ነው።

አሁን ወደ ጓደኞችዎ ክርክር እንምጣ። 9.3×62 የተለመደውን 18.5 ግራም አረር በሰከንድ ወደ 720 ሜትር ያስወነጭፋል። .300 ዊንቸስተር ማግነም 11.7 ግራም አረር በሰከንድ ወደ 900 ሜትር ያስወነጭፋል። በወረቀት ላይ ጉልበታቸው ያው ነው፣ ሁለቱም 4,800 ጁል አካባቢ። ልዩነቱ የሚመጣው ሥጋና አጥንት ላይ ነው። ፈጣኑ አረር በ50 ሜትር የሙስን (የሰሜን አገሩን ግዙፍ አጋዘን) ትከሻ ሲመታ፣ በተለይ ለስላሳ ከሆነ፣ ይፈረካከስና ትልቅ የትከሻ ሥጋ በደም ተበላሽቶ ይጣላል። ከባዱና ዘገምተኛው አረር ይከፈታል፣ ግን ክብደቱን ይዞ ወዲያ ማዶ ይወጣል፤ የሚወጣው ደምም ለዱካ ፍለጋ ይጠቅማል። የስዊድን ጫካ ውስጥ ሙስ የሚተኮሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሜትር በታች ነው። ሕጉ ከ10 ግራም ጀምሮ ላለ አረር በ100 ሜትር ላይ 2,000 ጁል ይጠይቃል፤ ይህ ጥይት እዚያ ርቀት ላይ ገና ከ3,500 በላይ አለው። ማግነም የሚያስፈልገው ገደል ለገደል፣ ከ250 ሜትር በላይ ለሚተኩስ ሰው ነው።

ሲገዙ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ በርሜሉ ላይ የተመታውን ጽሑፍ በዓይንዎ ያንብቡ፤ ሁስክቫርና 9.3×57ም ይሠራ ነበር። ሁለተኛ፣ መቀባበያውን አውጥተው በርሜሉን ወደ ብርሃን አቅንተው ይዩ። ጥይቱ ከሚጎርስበት ክፍል ቀጥሎ ያለው ቦታ የተበላ ከሆነ፣ የድሮ ካፕሱል የተወው ጨው ያመጣው ዝገት ነው፤ በማጽዳት አይመለስም። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ከቃታው በላይ ወደ ኋላ የሚሄደው የብረት ጭራ ከእንጨቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጣትዎ ይዳስሱ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ፣ ከበርሜሉ በታች ያለው የርግጫ መቀበያ ጉጥ እንጨቱን በደንብ አልተደገፈም፤ በተተኮሰ ቁጥር ጭራው እንጨቱን እንደ ሽብልቅ እየፈለጠው ነው ማለት ነው። ባለሙያ ጉጡን በኢፖክሲ ያስቀምጠዋል፣ ከጭራው ኋላም አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል፣ ስንጥቁን ያጣብቃል። ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው፤ ጠብመንጃውን ለመተው ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ 9.3×57፣ 9.3×62፣ 9.3×64 እና 9.3×74 አር የሚሉ ካርቶኖች አየሁ። አረሩ አንድ ከሆነ ቢቀያየሩ ምን አለበት?

መልስ፦ ሕይወት አለበት። አረሩ በሁሉም 9.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀለሁና የባሩዱ ግፊት ግን ይለያያል። 64ቱ የጀርመኑ ጥይት ሠሪ የብሬኔከ ነው፣ ወፍራምና ከፍተኛ ግፊት ያለው። 74 አር ረጅም ሆኖ ግርጌው ከንፈር አለው፣ የተሠራውም ተሰብሮ ለሚከፈት ጠብመንጃ ነው። አደገኛው 57ቱ ነው፤ አጭር ስለሆነ በ62ቱ ውስጥ ሊጎርስ ይችላል፣ ሲተኮስም ቀለሁ የሚደገፍበት ትከሻ አያገኝም። ካርቶኑን ሳይሆን የእያንዳንዱን ጥይት ግርጌ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ 9.3×62 ገዛሁ፤ ተኩስ ሜዳ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥይቶች ይቀራረባሉ፣ ከዚያ በኋላ ይበታተናሉ። ጠብመንጃው ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ ምናልባት ሁለታችሁም። ከርስዎ እንጀምር። 3.6 ኪሎ የሚመዝን 9.3×62 ርግጫው በስሌት ወደ 48 ጁል ነው፤ ተመሳሳይ ክብደት ያለው በ.30-06፣ በተለመደው የአደን ጥይት፣ የሚተኩስ ጠብመንጃ ወደ 30 ጁል ነው። ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው ሲተኩሱ ርግጫው ሙሉ በሙሉ ትከሻዎ ላይ ያርፋል። በሦስተኛው ጥይት ላይ ዓይንዎ ቃታው ሳይሳብ ይጨፈናል፣ ጣትዎም ይነጥቃል። ለማረጋገጥ ጓደኛዎ በምስጢር አንዳንዴ እውነተኛ፣ አንዳንዴ ባዶ የልምምድ ጥይት ያጉርስልዎ። ባዶው ላይ አፈሙዙ ወደ ታች ከተወረወረ ችግሩ መበርገግ ነው። መድኃኒቱ ከፍ ያለ ማስደገፊያ አዘጋጅቶ ቀና ብሎ መተኮስ፣ በአንድ ቀን ከአሥር በላይ አለመተኮስ፣ የቀረውን ልምምድ በ.22 መሥራት ነው። ቴሌስኮፑ ከዓይንዎ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ቅንድባቸው ላይ ግማሽ ጨረቃ የተቀረጸባቸው አዳኞች ይህን የተማሩት ዘግይተው ነው።

የጠብመንጃው ድርሻ ደግሞ ይህ ነው፦ የቴሌስኮፑን መያዣ ብሎኖች አውልቀው በቤንዚን ያጽዱ፣ ቀይ ያልሆነውን፣ ማለትም ሊፈታ የሚችለውን የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርገው መልሰው ያጥብቁ። ከእንጨቱ ሥር ያሉትን ሁለቱን ብሎኖች፣ መጀመሪያ የፊተኛውን፣ ቀጥሎ የኋለኛውን ያጥብቁ። ከዚያ አንድ የብር ኖት በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል ያሳልፉ፤ የሚያዝ ከሆነ፣ በርሜሉ ሲሞቅ እንጨቱን እየተደገፈ አረሩን ይገፋዋል። ሲያስደግፉም እንጨቱን እንጂ በርሜሉን አያስደግፉ።

ማስተካከያውን በ100 ሜትር 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል አድርገው ይተዉት። በ18.5 ግራም አረር 150 ሜትር ላይ መሐል ይመታል፣ 200 ሜትር ላይ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ከዚያ በላይ ይህ ጥይት በፍጥነት ይወርዳል፤ ግምት ውስጥ አይግቡ።

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ቤተሰባችን ያወረሰው ቤልጅግ አለ። በርሜሉ ተቀይሮ 9.3×62 ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ በብረቱ በኩል መልሱ አዎ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የገቡት የቤልጅግ ኤፍ.ኤን. ካራቢኖች ማውዘር 98 ናቸው፣ ጥይታቸው 7.92×57 ነው፤ የመቀባበያው አፍ ለ9.3×62 ይበቃል። በሕግ በኩል ግን በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ፈቃድ የሌለው ሰው እንዲነካው አያድርጉ። እኛን ከጠየቁን ደግሞ ባይነካ ይሻላል። ዘውዱና ቁጥሩ ሳይፋቅ የቆየ ቤልጅግ እንዳለ ሲቆይ ነው ዋጋ ያለው፤ ጥይቱንም አገር ውስጥ ከየት ያገኛሉ?

ጥያቄ፦ ባሌ ውስጥ ከአደን አስጎብኚ ጋር እሠራለሁ። አንድ የጀርመን እንግዳ ለደጋ አጋዘን 9.3×62 ይዤ እመጣለሁ ብሏል። ይበቃዋል?

መልስ፦ ለእንስሳው ይበቃል፣ ይተርፋልም፤ ትልቁ ወንድ አጋዘን 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፣ ይህ ጥይት ከዚያ በላይ ለሆነ ሙስ የተለመደ ነው። ጥያቄው ርቀቱ ነው። አስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ማዶ ያለውን ኮርማ 250 ወይም 300 ሜትር ላይ መተኮስ ከመጣ፣ 7 ሚሊ ሜትር ማግነም ወይም .300 ይሻለዋል። ከፍታው 3,000 ሜትርና ከዚያ በላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፣ የአረሩ መውረድ ትንሽ ይቀንሳል፤ 9.3ን የሩቅ ጥይት ለማድረግ ግን አይበቃም። እንግዳው ይህንኑ ይዞ ከመጣ፣ ካምፕ እንደገባ ዒላማ ላይ ያስተኩሱት፤ በአውሮፕላን ጉዞ ቴሌስኮፕ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ 200 ሜትር ድረስ የሚያስጠጋ መንገድ ይምረጡለት። የቆሰለ ኮርማ ገደል ገብቶ ቢጠፋም ፈቃዱ እንደተጠቀመበት የሚቆጠርባቸው ቦታዎች ስላሉ ይህንንም አስቀድመው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ለጎሽስ? .375 ነው ወይስ 9.3?

መልስ፦ .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ በ1912 ነው የወጣው፤ 19.4 ግራም አረር በሰከንድ ወደ 770 ሜትር ይልካል፣ ወደ 5,750 ጁል። በተግባር ጎሹ ልዩነቱን የሚያውቅ አይመስለንም፣ ሕጉ ግን ያውቃል፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ ዝቅተኛው .375 ነው። ጉዞ ከመክፈልዎ በፊት አስጎብኚው በጽሑፍ ያረጋግጥልዎ። ከተፈቀደ፣ የመጀመሪያው አረር ጠንካራ ሆኖ የሚከፈት፣ ካዝና ውስጥ የሚከተሉት የማይከፈቱ ድፍን ይሁኑ፤ የቆሰለ ጎሽ ሲሸሽ የሚያሳየው ኋላውን ነው፣ አረሩም ሆድ ሙሉ ሣር አልፎ መድረስ አለበት።

ጥያቄ፦ ጥይት በእጄ እሞላለሁ። የ.30-06 ቀለህ አፉን አስፍቼ ለ9.3×62 ብጠቀም?

መልስ፦ ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ እኛ አንመክርም። የ.30-06 ግርጌ በጥቂቱ ይቀጥናል፣ ትከሻውም ወደ ኋላ የቀረ ነው። ስለዚህ ሲተኮስ ቀለሁ ወደ ፊት ይለጠጥና ከግርጌው በላይ ይሳሳል። ትክክለኛውን ቀለህ ይግዙ፣ ከ62.0 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወደ 61.8 ይቁረጡ፣ የባሩዱን መጠን ከባሩዱ ፋብሪካ ሠንጠረዥ ብቻ ይውሰዱ፣ ከዝቅተኛውም ይጀምሩ። በየሙሌቱ መካከል ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ አስገብተው ግድግዳውን ከግርጌው ወደ ላይ ይቧጥጡት። ሽቦው ጎድጓዳ ነገር ላይ ከተያዘ፣ ወይም ከውጭ በዚያው ቦታ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካዩ፣ ቀለሁን በፒንሳ ጨፍልቀው ይጣሉት።