የጎጃም ገበሬ ካርዱን ለማን ይሰጣል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በምርጫ ጎጃምን ከሌላው የሚለየው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ መሬት ነው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ መሣሪያ ያነሣው ርስቴ ተለክቶ ከእጄ ይወጣል ብሎ ስለሰጋ ነው። መንግሥት በአውሮፕላን ደበደበው፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታው ተነሡ። ጎጃሜ የትኛውንም መንግሥት የሚመዝነው «መሬቴን ምን አደረገው?» ብሎ ነው።

ጥያቄ፦ በ1997 የተቃዋሚ ፓርቲዎችን ጥምረት፣ ቅንጅትን፣ የመረጠው ከተሜው ብቻ አልነበረም?

መልስ፦ አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር መውሰዱን ሁሉም ያስታውሳል፤ በአማራ ክልል ገጠር ብዙ ወንበር ማግኘቱ ግን ይዘነጋል። እኔ ምክንያቱን የምፈልገው በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ውስጥ ነው። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሹም የነበረው «ቢሮክራት»፣ የቀድሞው ባላባት «ቅሪት ፊውዳል» ተባለና አንድ ሄክታር ብቻ ቀረለት። ትርፉ መሬት ላልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች ተሰጠ። የተነጠቀውና የተቀበለው ዛሬም ድንበርተኞች ናቸው፤ አንድ ደብር ይሳለማሉ፣ በአንድ እድር ይቀባበራሉ። ስለዚህ «ገበሬው እንዲህ መረጠ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ የትኛው ገበሬ ብላችሁ ጠይቁት።

ጥያቄ፦ ማዳበሪያስ በድምፅ ላይ ተጽዕኖ አለው?

መልስ፦ በጣም እንጂ! የ1997ቱ ምርጫ ግንቦት 7፣ የ2013ቱ ሰኔ 14 ነበር። ያ ወቅት የሜጫና የቡሬ ገበሬ ዩሪያና ምርጥ ዘር የሚጠብቅበት ነው። ማዳበሪያ ያላገኘ በቆሎ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ አገዳው ቀጥኖ ይቀራል። የዓመት ቀለቡ በቀበሌ ሹም እጅ የሚያልፍ ሰው፣ ድምፁ ምስጢር መሆኑ ቢነገረውም ልቡ አያርፍም። ግብዓቱ በሌላ መንገድ ካልደረሰው ነጻ ምርጫ አለ ማለት ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ፋብሪካ ሲመጣ አመራረጡ ይለወጣል?

መልስ፦ ቀስ በቀስ። ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ደመወዝተኛ ፈጥሯል፤ ደመወዝተኛ ደግሞ የቤት ኪራይንና የዳቦ ዋጋን ያስቀድማል። የቡሬው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ገና በ2013 ነው።

ጥያቄ፦ አብን (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) በ2013 ፓርላማ የገባው በ5 ወንበር ነው። ደጋፊው ይህን ያህል ትንሽ ነበር?

መልስ፦ ከወንበር ቁጥር ያንን ማወቅ አይቻልም። በእኛ ሕግ በምርጫ ክልሉ ብልጫ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል፤ የተሸናፊው ድምፅ ወንበር አያመጣም። እውነቱን የፈለገ የየጣቢያውን ውጤት ያነጻጽር።

ጥያቄ፦ የአገው ሕዝብ የሚኖርበት የአዊ ዞንስ?

መልስ፦ አዊ የራሱ ምክር ቤት አለው፤ ስለዚህ የአገውኛና የራስ አስተዳደር ጉዳይም ከመሬቱ ጋር ይነሣል። እዚያው አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ብዙ ገበሬ ማሳውን ዲከረንስ በሚባል የግራር ዓይነት ዛፍ ሸፍኖ ከሰል ይሸጣል። የዛፍ ባለቤት ማዳበሪያ ጠባቂ አይደለም፤ እጩውን የሚጠይቀው ስለ መንገድ፣ ስለ ኬላ ቀረጥና ዛፉን ስለሚያደርቀው በሽታ ነው።