ዘይቱን ለወጥ አቆየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አዘዞ አካባቢ አስር ጠቦት ገዝተሃል። ለፋሲካ እንዲደርሱልህ ፉርሽካው ላይ የምግብ ዘይት ብትጨምር ቶሎ ይሰቡ እንደሆነ ነው የጠየቅኸው። እኔም እዚሁ ጎንደር ጥቂት ዓመት በግ አድልቤያለሁ። ይህንኑ ሞክሬው ስለነበር የደረሰብኝን ልንገርህ።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰው «ዘይት ጉልበት ነው» አለኝ። ውሸት አይደለም፤ ስብ ከእህል ከእጥፍ በላይ ጉልበት ይሰጣል። ለስድስት ጠቦቶች ለእያንዳንዳቸው አንድ ስኒ ዘይት ፉርሽካቸው ላይ አፈሰስኩ። ሁለት ቀን ገንዳውን ልሰው በሉ። በሦስተኛው ቀን ድርቆሹን አሽትተው ተዉት። ማመስኳታቸው ቀነሰ። በጠጣቸው ፍሬ ፍሬ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጭቃ ሆነ። ዘይቱን ካቆምኩ በኋላም እስኪያገግሙ አንድ ሳምንት ፈጀ። ገበያ ለደረሰ በግ ሳምንት ቀላል አይደለም።

ምክንያቱ የገባኝ ኋላ ነው። ድርቆሽና ጭድ የሚፈጩት ጨጓራው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። ፈሳሽ ዘይት ሲበዛ ድርቆሹን ይለብሰዋል፣ ተሕዋስያኑንም ይጎዳል። ስለዚህ ጠቅላላ ስቡ ከደረቅ መኖው 5 ወይም 6 በመቶ ባያልፍ ነው የሚሻለው። ሒሳቡን እንሥራው። 20 ኪሎ የሚመዝን ጠቦት በቀን 700 ግራም ያህል ደረቅ መኖ ይበላል እንበል። 5 በመቶው 35 ግራም ነው። ድርቆሹና ፉርሽካው ራሳቸው ወደ 20 ግራም የሚጠጋ ስብ ይዘዋል። የተረፈህ 15 ግራም ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ። እኔ በስኒ ነበር የማፈሰው!

«ግልገል ስብ የሞላበት የእናቱን ወተት እየጠባ ያድግ የለም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፤ ወተቱ ግን ጨጓራውን አልፎ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ሆድ ነው የሚወርደው። ድርቆሽ ከጀመረ በኋላ ነገሩ ሌላ ነው።

ደግሞ ኪሎ ቢጨምርስ፣ ምን ጨመረ? ጠቦት መጀመሪያ አጥንቱን ያበጃል፣ ቀጥሎ ሥጋውን፣ ስብ የመጨረሻው ነው። ሥጋ ለመሥራት ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ፕሮቲኑ ሳይበቃው ጉልበት ብቻ ስታበዛለት ትርፉ ሞራ ላይ፣ ኩላሊት ዙሪያና ላቱ ላይ ይከማቻል። ከዚያው ከዘይት በሎቹ አንዱን ለቤት አርደን አይቼዋለሁ፤ ሞራው ጥሩ ነበር፣ ጭኑ ግን የከሳ በግ ጭን ነው። እርግጥ የእኛ ሰው ሲገዛ ላቱን ጨብጦ፣ ወገቡን ዳብሶ ነው። ስለዚህ ስብ ዋጋ የለውም አልልህም። ግን ወገቡ ላይ እጁ አጥንት ካገኘ፣ ላቱ ብቻ አያሸጥልህም።

አሁን የምሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነው፤ ኑጉ ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ማለት ነው። መጭመቂያው ዘይቱን ሁሉ አያወጣውም፤ በእጅህ ብታሸው ቅባቱ ይታወቅሃል። ፕሮቲኑም ከመቶ 30 ገደማ ነው። ስለዚህ ያሰብከው ዘይት ፋጉሎው ውስጥ ከነፕሮቲኑ አለልህ፤ በላዩ ሌላ ዘይት አትጨምር። ድርቆሽ እስኪጠግቡ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ደግሞ ለአንዱ በግ 150፣ 150 ግራም፣ ትንሽ ጨው፣ ውሃ ሳይጎድል። ፋጉሎውን በ50 ግራም ጀምረህ በአስር ቀን ውስጥ ከፍ አድርገው። ከዚያ በፊት ግን የሆድ ትላትል መድኃኒት ስጣቸው፤ አለበለዚያ ትሉን ነው የምትቀልበው። እኔ ከጥምቀት ማግሥት ነው የምጀምረው፤ ለፋሲካ ሦስት ወር ግድም ይሆናል። በየአስራ አምስት ቀኑ ጠዋት ሳይበሉ መዝናቸው።

ፋጉሎ ስትገዛ ጆንያውን አስፈትተህ እጅህን እስከ ታች አስገባ። እርጥበት ካለው ወይም የሻጋታ ሽታ ከሸተተህ በርካሽ ቢሰጡህም አትውሰድ፤ ጉበታቸውን ነው የሚጎዳው።